ሽፈራው ማን ነው?

ትርፌ አሰላ የገባችው በጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነው። ባንተአምላክ ነገሩን ሁልጊዜ ከዚህ ይጀምራል፤ ጀምሮም ሳይጨርስ ይጠራጠራል። «ጥቅምት ነው ልበል? የእትዬ አልጣሽ ገብስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እንግዲያው ኅዳር መሆን አለበት። ኅዳር ከሆነ ግን ያ ሁሉ ዝናብ ከየት መጣ?» ይላል ለራሱ፣ ድምፁን አውጥቶ። መምህር በነበረ ጊዜ ቀን ያሳሳተ ተማሪ አይምርም ነበር። የራሱን ቀን ማረም ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም።

የማይጠራጠርበት ነገር ቢኖር አመጣጧን ነው። የተጠቀለለ ፍራሽ፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ሻንጣ ይዛ በጎረቤቱ በእትዬ አልጣሽ በር ላይ ቆማለች። የለበሰችው ሹራብ ለአርባ ምንጭ እንጂ ለአሰላ የተሠራ አይደለም። እጇን ብብቷ ውስጥ ወትፋ ወደ ጭላሎ ተራራ ቀና ብላ አየችና በአጥሩ በኩል ለቆመው ለእሱ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይ የሚወጣው መቼ ነው?» አለችው።

«ከመስቀል እስከ ጥምቀት፤ እሱም ከፈቀደ» አላት።

ሳቀች። አዋላጅ ነርስ ነች፤ ለጤና ጣቢያው ተመድባ ነው የመጣችው። እትዬ አልጣሽ ከጀርባ ያለችውን ክፍል አከራይታት ነበር። አጥሩ ያረጀ ቆርቆሮ ስለሆነ በሁለቱ ግቢ መካከል የሚሸሸግ ነገር አልነበረም፤ ቢያንስ ባንተአምላክ እንደዚያ ያምን ነበር።

ባንተአምላክ አሰላ ተወልዶ አሰላ ያደገ ሰው ነው። ቅድመ አያቱ ከመንዝ መጥተው እዚህ ከሰፈሩበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቡ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በእህልና በዝምታ። በእነሱ ቤት የሰው ጉዳይ መጠየቅ ነውር ነበር። እንግዳ መጥቶ ወር ቢቀመጥ ለምን መጣህ አይባልም፤ መቼ ትሄዳለህማ ከቶ አይታሰብም። አባቱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው ያሳደጉት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦግራፊ ሲያጠና እንኳ እጁን አውጥቶ ጠይቆ አያውቅም፤ ያልገባውን መጽሐፍ ቤት ሄዶ ይፈልጋል።

ይህ ጠባይ አንድ ጊዜ አስከፍሎታል። ሳጉሬ ሲያስተምር ሮሐ የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት አግብቶ ነበር። ሮሐ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ መመላለስ አመጣች። አዳማ ምን አለሽ አላላትም። አንድ ቅዳሜ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ጋራዥ ያለው ሰው አግብታ መውለዷን የሰማው ከሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ባንተአምላክ ሌላ ጠባይ ጨመረ፤ መጠርጠር። መጠየቁን ግን አልጨመረም። የሚጠይቅ ሰው ሲጠረጥር መልስ አግኝቶ ያርፋል። የማይጠይቅ ሰው ጥርጣሬ ግን እንደ ጓሮ አረም ነው፤ ማንም ሳይነካው ያድጋል።

እናቱ ሲታመሙ ማስተማሩን ትቶ አሰላ ተመለሰ። እናቱ ካረፉ በኋላም አልሄደም፤ ጓሮው ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ የሥጋ ዶሮ ማርባት ያዘ። አሰላ ደግሞ ለሥጋ ዶሮ የተፈጠረ አገር አይደለም። በካርቶን ከቢሾፍቱ የሚመጣው የአንድ ቀን ጫጩት ገና ሲወርድ ብርዱ ይቀበለዋል። ብርዱን ያለፈው አድጎ፣ ወፍሮ፣ ባለቤቱ ደስ ሲለው፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥርና ኩክኒው ጠቁሮ በጀርባው ተዘርሮ ይገኛል። ከፍታው ነው ይላሉ የሚያውቁት፤ ሥጋቸው ፈጥኖ ሲያድግ ልብና ሳንባቸው አብሮ አይደርስም።

መኖ የሚሸጥለት ሁሴኖ ነገሩን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስረዳው። «ስማኝ ባርሲሳ» ይለዋል፤ መምህር መሆኑን በኦሮምኛ እያስታወሰው፤ «ይሄ አየር ለበቆጂ ሯጮች ነው የተሰጠው። ዶሮህን ሩጫ ካላስተማርከው አይኖርም።»

ትርፌ አሰላ በገባች በጥቂት ወር ውስጥ አጥሩ ላይ ተደግፋ የባንተአምላክን ዶሮዎች ማየት ጀመረች። «ጋሽ ባንቴ፣ እኔም ልሞክር ይሆን? ከሥራ ስመለስ ከግድግዳ ጋር ከማወራ» አለችው። እሱም ደግ ሆነ። ከራሱ ካርቶን ጫጩት ከፍሎ ሰጣት። ማቀፊያውን በከሰል እንዴት እንደሚያሞቁት፣ ሰጋቱራው እርጥበት ሲይዝ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ጫጩት በርዶት ሲከማችና ሞቆት ሲበተን ድምፁ እንዴት እንደሚለይ አሳያት። ጀማሪ ስለነበረች አልቀናባትም። ከበታቹ ላለ ሰው ማንም ደግ ነው።

በዚያ ጊዜ ነው አንድ ጠዋት ነገሩ የመጣው። የእትዬ አልጣሽን አሮጌ ከብት ቤት ለዶሮ ሲያስተካክሉ ትርፌ መሰላል ላይ ወጥታ ቆርቆሮ ትመታለች። እስከዚያ ቀን ድረስ «ይያዙልኝ»፣ «ያቀብሉኝ» እያለች በእርስዎ ነበር የምትጠራው። ምስማር አፏ ውስጥ እንደያዘች ዝቅ ብላ አየችውና፣ «አንተ፣ መሰላሉን ያዝልኝ እንጂ፤ ልወድቅልህ ነው» አለች።

ያዘ። እሷ የተናገረችውን ያወቀችውም አልመሰለም። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አንተ» ብላዋለች። ደግሞም «ልወድቅልህ»። ሮሐ ከሄደች ወዲህ ማንም ሴት እንደዚያ አላለውም።

ወዲያው ወሰነ። ሊያገባት ይጠይቃታል። የአሰላ ልጅ ብትሆን ሽማግሌ ይልካል፤ ሦስት የተከበረ ሰው መርጦ፣ እሱ ቤቱ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል። የትርፌ ወላጆች ግን ከጋሞ ተራራ ሥር ናቸው። ሽማግሌው ወዴት ይሄዳል? ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ መጠየቅ አለበት። በሕይወቱ ያልሠራውን ሥራ። «ከፋሲካ በኋላ» አለ።

ከፋሲካ በፊት ሽፈራው መጣ።

ባንተአምላክ አጥሩ ሥር የውሃ መጠጫ ሲያጥብ ነው ትርፌ በስልክ ስታወራ የሰማት። «ምነው፣ ሽፈራው እስካሁን አልተነሳም?» ትላለች። «እኔ እኮ ያለ እሱ አይሆንልኝም። የለም፣ እዚህ ብርድ ነው፣ አርሲ ላይ እንደ እሱ ያለ አይበቅልም። እሺ፤ ቅዳሜ ከሾፌሩ ጋር ይምጣ፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበለዋለሁ። እርጥበት እንዳይነካው ብቻ፣ አደራ።»

መጠጫው ከእጁ ወደቀ። አርሲ ላይ እንደ እሱ ያለ አይበቅልም! ባንተአምላክ ቀና ብሎ ግቢውን፣ ቤቱን፣ የአባቱን ባሕር ዛፎች አየ። ይህ ሁሉ የበቀለው የት ሆኖ ነው? ደግሞስ እርጥበት እንዳይነካው የሚባል ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ሽፈራው የሚባል ሰው ያውቅ ነበር፤ ሳጉሬ አብሮት ያስተማረ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ከደወል የሚበልጥ። ሳያስበው የትርፌን ሽፈራው በዚያ ሰው ልክ ሰፋው።

ቅዳሜ ለምንም ጉዳይ ሳይሆን መናኸሪያ አካባቢ ዞር ዞር አለ። ትርፌ ባጃጅ ውስጥ ሆና አልፋው ሄደች። ከአጠገቧ ሰው የለም፤ ጆንያ ብቻ ነው ያለው። ሻንጣውን በጆንያ ነው የሚያመጣው ማለት ነው፤ እሱ በኋላ በእግሩ ይመጣል አለ በልቡ። ሲመጣ ግን አላየውም። የእትዬ አልጣሽ ግቢ ሁለት በር አለው፤ በታችኛው ገብቶ ይሆናል። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይባል የለም?

ከዚያ በኋላ የመጣውን ባንተአምላክ በዓይኑ ባያይ ኖሮ ባላመነ ነበር። የትርፌ ዶሮዎች ማደግ ጀመሩ። ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ አንድ ሆቴል የሚቀርቡ ዶሮዎች ናቸው፤ የእሷ ግን ደረታቸው ሰፋ፣ ላባቸው ተኛ፣ እግራቸው እንደ በቆሎ ቢጫ ሆነ። ኩሳቸው እንኳ ደረቅ ነው። የእሱ ዶሮዎች ውሃ ውስጥ መድኃኒት እየተበጠበጠላቸው ሲያስነጥሱ የእሷ ዶሮዎች ጉሮሮ ዝም ይላል። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ የወደቀ ዶሮ ከእሷ ቤት ሲወጣ ያየው አልፎ አልፎ ነው። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት አካፋ ይዞ ነበር ወደ ጓሮ የሚሄደው።

ሁሴኖ ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው አልነፈገም። «ያቺ ጎረቤትህ እኮ ከእኔ የምትገዛው ያንተኑ ነው» አለው አንድ ቀን ፉርሽካ እየመዘነ። «ያው በቆሎ፣ ያው ፉርሽካ፣ ያው የኑግ ፋጉሎ። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እሷ ሽፈራው አላት። አንተ ምን አለህ?»

«እኔ እጄ አለኝ» አለ ባንተአምላክ።

«እጅማ ሁላችን አለን፣ ባርሲሳ።»

ያን ዕለት መኖውን ጭኖ ሲመለስ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ በመጨረሻ እንደሰማ ገባው። ሁሴኖም ያውቀዋል ማለት ነው። ሁሴኖ የሚያውቀውን ደግሞ ገበያው ያውቀዋል። እሷ መሰላል ላይ ሆና «ልወድቅልህ» ስትል ለካ የሚይዛት አላጣችም።

ቅናት ሰውን ዝም ብሎ አያስቀምጠውም። ባንተአምላክ ሽፈራው የሚባለው ሰው የዶሮ ባለሙያ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ፤ ከደቡብ የመጣ፣ ምስጢር ያለው። እሱስ ከማን ያንሳል? የአገር መድኃኒት እንደሆነ የእሱም እናት ያውቁ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ለዶሮ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቷል፤ ጥቂት መጨመር እንዳለበትም ሰምቷል፤ ግን ጥቂት የሚበቃው ለማይቀና ሰው ነው። አንድ ትልቅ ሙቀጫ ሙሉ ወቅጦ መኖው ውስጥ ደባለቀ። ዶሮዎቹ ቀርበው አሸተቱና ወደ ኋላ ተመለሱ። በማግስቱ ርቧቸው በሉ። ሲታረዱ ግን ሆቴል ያለው ፍሰሐ ደወለለት።

«ጋሽ ባንቴ፣ ምንድን ነው ያመጣህልኝ? ወጥ ሠሪዋ ገና ቁሌቱን ሳትጥል ቤቱ ሽንኩርት ሸተተ እያለች ነው።»

«ለጤና ነው» አለ።

«የማን ጤና? እንግዶቼ ዶሮ ነው የጠየቁት።»

ከዚያ ወደ እርድ ዱቄት ዞረ። እግራቸው ቢጫ ይሁንልኝ ብሎ እንደ ሽሮ በተነላቸው። እግራቸው እንደ ፈለገው አልሆነም፤ አፋቸው ግን ብርቱካን መሰለ። ፍሰሐ ካርቶኑን ከፍቶ አየና ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። «አፋቸው የትርፌን ዶሮ ሊሆን ፈልጎ ነበር» አለ፤ «ሌላው አካላቸው ግን ያንተው ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የእሷን ዶሮ ስንከፍተው ጉበቱ እንኳ ያምራል። ለምን ትርፌን አትጠይቃትም? ጎረቤትህ አይደለች?»

ለምን አትጠይቃትም። ሰው ሁሉ ይህንን ቃል እንዴት እንደዋዛ ይወረውረዋል!

ፋሲካ አለፈ። ባንተአምላክ አልጠየቀም። ታገቢኛለሽ ወይ እንዳይላት ሽፈራው አለ፤ ሽፈራው ማን ነው እንዳይላት የአባቱ ቃል አለ። አጥሩ ሥር መቆሙን ተወ። «እንዴት አደርክ» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይገባል፤ «አንቺስ» አይልም። እሷም መጀመሪያ አልገባትም። ቆይታ ደግሞ «እንዴት አደሩ» ማለት ጀመረች። እርስዎ ተመልሶ መጣ። ባንተአምላክ ይህንንም ሽፈራው ያዘዛት ነው አለ።

ክረምት ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ትርፌ ራሷ መጣች። ጤና ጣቢያ ተረኛ ልትሆን ነው፤ ቦርሳዋን አንግታ አጥሩ ላይ ተደገፈች። «ጋሽ ባንቴ፣ ነገ እስክመለስ ዶሮዎቼን አንዴ ያዩልኛል?»

ባንተአምላክ ሲጠብቀው የኖረ ቃል ነበረው፤ ካፉ ወጣ። «ለምን ሽፈራውን አታዢውም? ሁሉን የሚችለው እሱ አይደል?»

ትርፌ ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማችው የእሱ ቀልድ መስሏት። «ሽፈራው ብቻውን ምን ይሠራል፣ የሚበትን እጅ ከሌለ?»

የሚበትን እጅ! ለሽፈራው አሽከር ሊሆን ነው የምትፈልገው። «እንግዲህ እሱ ነው ዶሮሽን ያሳደገው» አለ፣ ድምፁን ለማለስለስ እየሞከረ።

«ምንም አልልም፣ አግዞኛል። መድኃኒት እንኳ ከገዛሁ ቆየሁ።» ከዚያ ፊቷ በራ። «ቆይ፣ አይተኸው አታውቅም አይደል? ና ግባ ላሳይህ። ጓዳ ነው። ፀሐይ ስለማይወድ ነው እንጂ አወጣው ነበር።»

አንተ ብላዋለች። ባንተአምላክ ግን ያን ጊዜ አልሰማውም፤ የሰማው ጓዳ የሚለውን ነው። ሰውየው አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ቆርቆሮ ጀርባ አለ። ፀሐይ የማይወድ፣ እርጥበት የማይነካው፣ በቀን ብርሃን ጓዳ የሚቀመጥ ሰው። እሱ ገብቶ እጁን ሊጨብጥ ነው? «እንዴት ዋልክ ሽፈራው» ሊል?

«አልገባም» አለ።

«ምነው፣ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ሰው ጓዳ መግባት አልወድም፣ ትርፌ።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ሄደች። ለዶሮዎቿ መኖ እትዬ አልጣሽ በተነችላቸው። ባንተአምላክ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አሮጊቷ ጎንበስ ቀና ስትል አየ፤ ሽፈራውማ ለአሮጊት እንኳ የማያዝን ሰው ነው አለ።

ክረምቱ፣ ከዚያም መስቀልና ገና እንደዚያ አለፉ። አንዳንድ ቀን እትዬ አልጣሽን በዘዴ ሊያወጣጣት ሞክሮ ነበር። «እትዬ፣ ግቢያችሁ ሰው በዛ መሰለኝ» ይላታል።

«ሰውማ የታለ፣ ልጆቼ ሁሉ ተበተኑ። ዶሮ ነው የበዛው፣ የዶሮ ጠረን አስመለሰኝ» ትለዋለች፤ እሱም ትሸፋፍንላታለች ብሎ ያዝንባታል።

በጥር መጨረሻ ይመስለዋል፣ እትዬ አልጣሽ በአጥሩ ላይ ተጣራች። «ባንቴ፣ እሑድ ትርፌን ልንሸኛት ነው፤ ጠላ ጠምቄያለሁ። እንዳትቀር።»

ልንሸኛት። ሙሽራ ነው የሚሸኘው። በዚያው ሳምንት የትርፌ ዶሮዎች በሙሉ ተጭነው ሲሄዱ አይቶ ነበር፤ ለድግሱ ነው ብሎ ከነምክንያቱ አስቀምጦታል። ወዴት ነው የምትሸኙአት ቢል፣ አንድ ቃል ብቻ ቢል፣ አሮጊቷ ትነግረው ነበር።

«ሥራ አለብኝ» አላት።

«እንዲህ ነው? እሷ ደግሞ ባንቴ ይምጣ እያለች።»

እሑድ በሩን ዘግቶ ዋለ። ከማዶ የሴቶች ዘፈን ይሰማል፤ ከጤና ጣቢያው የመጡ ይሆናሉ። የወንድ ድምፅ ፈለገ፤ ያንን ወፍራም፣ ከደወል የሚበልጥ ድምፅ። አልሰማም። ሙሽራው እንኳ በሠርጉ ቀን ጓዳ ነው።

ሰኞ ጠዋት መኖ አልቆበት ሁሴኖ ሱቅ ሄደ። ሁሴኖ ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን አነሳ። «አካም ባርሲሳ! መጣህልኝ። ትርፌ ሽፈራውን ለአንተ ስጥልኝ ብላ ትታልሃለች።»

«ምን?»

«ሽፈራውን። ለአንተ ተውኩት አለች፤ እሱ ይጠቀምበት አለች።»

ባንተአምላክ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። በዚህ ዕድሜው ሊቀልዱበት ነው። «የት ነው ያለው?» አለ፣ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ።

«እዚያ፣ ከፋጉሎው ጀርባ።»

ሄደ። ከፋጉሎው ጆንያዎች ጀርባ ዞሮ አየ። ግድግዳና ጨለማ ነው። «ማንም የለም» አለ።

«እንዴት የለም? እግርህ ሥር።»

ዝቅ አለ። አፉ የታሰረ ጆንያ ነው። ፈታው። ውስጡ ደቃቅ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ደርቆ የተፈጨ ቅጠል፤ የደረቀ ጎመንና የድርቆሽ መሳይ ሽታ አለው። እጁን ሰደደና አወጣው፤ ጣቶቹ አረንጓዴ ሆኑ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ያልገባውን ሰው የጠየቀው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አላስተዋለም።

«ሽፈራው ነዋ። የሽፈራው ቅጠል። የሻይ ሞሪንጋ የሚሉት እሱ አይደል? እነሱ አገር ዛፉ በየደጁ ነው። እህቷ በጥላ አድርቃ፣ ፈጭታ ትልክላት ነበር።» ሁሴኖ ሚዛኑን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲበራለት ታየ። «ቆይ አንተ። ሰው መስሎህ ነበር?»

ባንተአምላክ የጆንያውን አፍ መልሶ አሰረ።

«ሰው መስሎታል!» አለ ሁሴኖ ለፉርሽካው። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የባንተአምላክን ፊት ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው። ሁሴኖ ተረበኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። «ስማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዝውውር አግኝታ ወደ አገሯ ልትሄድ ነው። አልነገሩህም? በክረምት ነው የጠየቀችው። ከዚያ በፊት ለዝውውር አመልክቺ ሲሏት ‹አሰላ ተስማማኝ› ትል ነበር። በክረምት ምን እንዳገኛት እንጃ።»

በክረምት ምን እንዳገኛት ባንተአምላክ ያውቃል። ሰው ጓዳ መግባት አልወድም ያላት በክረምት ነው።

«የት ናት?»

«መናኸሪያ። የባቱን ሚኒባስ ይዛ ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ነው የምትወርደው። ከሄድክ አሁን ሂድ።»

ሄደ። ጆንያውን ለምን እንደያዘው አያውቅም፤ ግን ታቅፎት ነበር። ዘወትር በዝግታ ሲራመድ የሚያዩት ሰዎች ጋሽ ባንቴ አረንጓዴ እጁን ይዞ በመንገዱ መሐል ሲሮጥ አዩት። እግረ መንገዱን ቃሉን አሰናዳ። መጀመሪያ ይቅርታ ይላል። ከዚያ ሰው መስሎኝ ነው ይላል፤ ትስቃለች፤ እሷ ስትስቅ ቀሪው ይቀላል። ከዚያ ይጠይቃታል።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩን አስነስቷል። ትርፌ ከመስኮቱ ጎን ነች፤ ያችኑ ስስ ሹራብ ለብሳለች፤ ላይዋ ላይ ግን የአሰላ ወፍራም ጋቢ ደርባለች። ስታየው መስኮቱን ገፋ አደረገችው።

«ጋሽ ባንቴ! መጡ?»

ትንፋሹን መሰብሰብ አቃተው። ጆንያውን ወደ ላይ ከፍ አደረገ፤ የተጠየቀ መልስ ይመስል። «ሽፈራው» አለ።

«አዎ፣ ሁሴኖ ሰጠዎት? እኔ ከእንግዲህ ዛፉ ሥር ነኝ፤ ለእርስዎ ይሁን ብዬ ነው። ያን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ሲወቅጡ እየሰማሁ አዝን ነበር።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ባንተአምላክ አፉን ከፈተ። ያሰናዳው ቃል ብዙ ነበር፤ ይቅርታው፣ «ሰው መስሎኝ ነው» የሚለው፣ የመጨረሻውም ጥያቄ። አፉ ግን መጠየቅ አልለመደምና ከሁሉ የቀለለውን አነሳ።

«ስንት ነው የሚጨመረው?» አለ።

ትርፌ ከጆንያው ወደ ፊቱ አየች። ሌላ ነገር የጠበቀች ትመስል ነበር። «ለኩንታል መኖ አንድ ኪሎ ይበቃል» አለች። «አይብዛ። ሲበዛ ይመራቸዋል፤ መብላት ይተዋሉ፤ ይከሳሉ። ጥሩ ነገር ነው ብለህ አታብዛው። ደግሞ ተአምር አትጠብቅበት፤ ውሃቸው ንጹሕ፣ ጉዝጓዛቸው ደረቅ ካልሆነ እሱ ብቻውን አያድናቸውም።»

አታብዛው። አታብዛው ብላዋለች፣ አያብዙት አላለችም። በዚህ ጊዜ ሰማ።

«ገባህ?» አለችው።

«ገባኝ።»

«ሌላ የምትጠይቀኝ አለ?»

«አለ» አለ ባንተአምላክ።

ትርፌ ክንዷን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ጆንያውን መሬት አስቀመጠ፤ ካፖርቱን አስተካከለ፤ እጁን በካፖርቱ ጠረገ፤ አረንጓዴው አልለቀቀም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከፊት የነበረው የአህያ ጋሪ መንገዱን ለቀቀ። ባንተአምላክ ቀና ሲል ሚኒባሱ ተንቀሳቅሷል፤ የእሷ መስኮት ከፊቱ አልፎ የኋላው መስኮት ደርሶ ነበር፤ በዚያ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው አየው። ሚኒባሱ ወደ ባቱ መንገድ ታጠፈ፤ ጋቢዋ በመስኮቱ ጥቂት ወጥቶ ታየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተሳበ።